ከእንገር እስከ ጣዝማ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የማርና የቅቤ «መድኃኒትነት» ታሪክ

በዩኒየን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ እትም በገበያ ላይ በየሳምንቱ የምንሰማውን፣ በታሪክ መልክ ግን ተጽፎ ያላየሁትን አንድ ጉዳይ ላነሣ እወዳለሁ። ይኸውም ከከብትና ከንብ የምናገኛቸው ቅቤ፣ ማር፣ እንገርና ጣዝማ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዴት የመድኃኒት ስም እንደ ወጣላቸው፣ ስሙም የቱ ላይ እውነት፣ የቱ ላይ ጥፋት እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ የገበያ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ማር ሻጩን «ለምን ለምን ይሆናል?» ብለው ቢጠይቁት ለሳል፣ ለጨጓራ፣ ለደም ማነስ፣ ለአስም፣ ለወገብ ሕመም እያለ ይዘረዝርልዎታል። አንዳንዱ ደግሞ ጨክኖ «ለስኳር በሽታም ፍቱን ነው» ይላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን አምኖ ጧትና ማታ በማንኪያ እየለካ ቢወስድ የሚደርስበትን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የማር አብዛኛው ክፍል ስኳር ነውና። ገበያ መቼም ቅቤ አንጓች አጥቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ያ ማር የማኅበራችንን ስም ይዞ የተሸጠ እንደ ሆነ ተጠያቂው ሻጩ ብቻ አይሆንም።

ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች ይህን ያህል ክብር ከየት አገኙ? እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት ጥቅማቸው ነው፤ ሌላውና ምናልባትም ትልቁ ምክንያት ግን የሚያመርታቸው ሰው እምብዛም ስለማይቀምሳቸው ነው።

አገሩን እናውቀዋለን። ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ምድር ከላይ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጭ፣ ከመካከል ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ የሚዘራበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ከታች ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርድ ቆላ ነው። በጌምድር የሚለውን ስም «የበግ ምድር» ከማለት ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉ፤ የቃሉን ነገር ለሊቃውንቱ ብንተወውም የጉና አካባቢ የበግ አገር መሆኑ አያከራክርም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ንቡ ይሠራል፤ ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ላሟም ሣር ጠግባ ወተቷ የሚጨምረው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ማርና ቅቤ በአንድ ወቅት ይመጣሉ፤ በአንድ ወቅትም ከቤት ይወጣሉ።

ከቤት የሚወጡበት መንገድ በቀድሞው ዘመን በዋነኛነት ግብር ነበር። ደብረ ታቦር በየጁ ራሶች ዘመን የአገሩ መናገሻ ከሆነች ጀምሮ፣ በኋላም አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ለመኳንንቱ ግብር ቤት ማርና ቅቤ፣ ሙክትና እህል ያቀርብ ነበር። ማሩ በጉንዶ እየተሰፈረ ለጠጅ ይገባል። ጠጅ ደግሞ የተራ ሰው መጠጥ አልነበረም፤ የጌታ ቤት መለያ ነበር። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገዱ በጋይንት አድርጎ በጨጨሆ የሚያልፍ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ሠራዊታቸው በጌምድርን ደጋግሞ ዘርፎታል። ሠራዊት ባለፈበት አገር ቀፎና ጋጣ እንደማይተርፍ መናገር አያሻም።

ከግብሩ የተረፈውን ደግሞ ጨው ይወስደዋል። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ እዚህ ሲደርስ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር፤ ገበሬው በቅቤና በማር፣ በበግና በቆዳ ይለውጠዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቤተሰቡ የሚያገኘው ምን ነበር? ወተቱ በቅል ተገፍቶ ቅቤው ወጥቶ ለገበያ ከሄደ በኋላ የሚቀረው አሬራው ነው። አሬራው ሲሞቅ አይቡ ይወጣል፤ አጓቱን ልጆችና ጥጆች ይጠጡታል። ከማሩም ወለላው ሄዶ ሰፈፉ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የዛሬ ሥነ ምግብ ባለሙያ ቢጠየቅ የወተቱ ፕሮቲንና ካልሲየም በአብዛኛው የቀረው በአሬራና በአይቡ ውስጥ ነው ይላል። እናቶቻችን ሳያውቁት ለልጆቻቸው ካስቀሩት ውስጥ ለሰውነት ግንባታ የሚሆነው ክፍል ነበረበት። ቅቤው ይዞት የሚሄደው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ቅቤ የሚባል ነገር ከአገር የጠፋበት ጊዜም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ክፉ ቀን ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉን ጨረሰ ተብሎ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ላም ስታልቅ ወተት ነጠፈ፤ አንበጣና ድርቅ ተጨመረበት። ለአራስና ለበሽተኛ የሚሆን አንድ ጭልፋ ቅቤ ማግኘት የቻለ ቤት ያን ጊዜ እንደ መድኃኒት ቢቆጥበውና ቢሰውረው ማንም አይፈርድበትም። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ በአያቴ ቤት ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ቅል ነበረች። ውስጧ ያለው የከረመ ቅቤ ነው። ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ ለወጥ አይነካም። ደረቱን ለያዘው ሰው በጥቂቱ ይቀልጥና ይጠጣል፤ ለተወለከፈ እግር ይታሽበታል፤ ራሱን ለሚያመው አናቱ ላይ ይደረጋል። ቅቤው ባረጀ ቁጥር «መድኃኒቱ ይበረታል» ይባል ነበር። ይህ እምነት እንዴት መጣ ቢባል፣ በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ በላይ በሆነው የጾም ቀን ቅቤ ስለማይበላ ማስቀመጥ ግድ ነበር፤ ሲቀመጥ ይከርማል፤ የከረመውን ደግሞ ለምግብ ካልተመኙት ለሌላ ነገር ይፈለግለታል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ አንባቢ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

በጽሑፍ ወደ ቀረው ስንሄድ ጋይንት ባዶ እጁን አይደለም። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አባ በዚሁ ምድር ናቸው። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ እዚህ ለዓመታት ይቀመጥ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት ባለበት ደግሞ ከዜማውና ከቅኔው ጎን የመድኃኒት መጽሐፍ የሚገለብጡ፣ ሥር የሚምሱ፣ ቅጠል የሚበጥሱ ደብተሮች አይጠፉም። በአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የተጻፉት እንዲህ ያሉ የመድኃኒት መጻሕፍት በከፊል ታትመዋል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ተወላጅ ሊቅ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያሳተማቸው ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው።

እነዚህን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ማርና ቅቤን በብዙ ቦታ ያገኛል። ነገር ግን በጥንቃቄ ሲታይ ማሩ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ አይደለም። መድኃኒቱ ሥሩ ወይም ቅጠሉ ነው፤ ማሩ የሚለወስበት፣ መራራውን የሚሸፍንበት፣ ዱቄቱን የሚያያይዝበት ነው። ቅቤውም እንዲሁ የቅባቱ ማዋሐጃ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ሽሮፕ ውስጥ ስኳር እንደሚጨምረው ማለት ነው። ከዘመን ብዛት ግን ተሸካሚው የተሸከመውን ክብር ወረሰ። ሥሩን የሚያውቀው ደብተራ ሲሞት ሥሩ ተረሳ፤ ማሩ ቀረ፤ «ማር ያድናል» የሚለውም ቃል ቀረ።

ይህን ስል ማር ምንም አይፈይድም ማለቴ አይደለም። ለሳል የሚባለው እውነትነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 ዓ.ም. ስለ ልጆች የሳል ማስታገሻዎች ባወጣው ጽሑፍ ማር ጉሮሮን ከሚያለዝቡና ለቤት ውስጥ አገልግሎት ከሚሆኑ ነገሮች መካከል ተጠቅሷል። ለቁስል የሚባለውም እንዲሁ መሠረት አለው፤ ማር ውኃ የመምጠጥ ኃይሉ፣ አሲድነቱና ከውስጡ ቀስ እያለ የሚወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለረቂቅ ተሕዋስያን አይመችም። በ1999 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በማር የተዘጋጀ የቁስል መሸፈኛ በገበያ እንዲውል ፈቅዷል። ሆኖም ያ ማር በጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። ከቀፎ ተቆርጦ፣ በጭስና በአቧራ መካከል አልፎ፣ በዘይት ጀሪካን ተሞልቶ የመጣው ማር ከእርሱ ጋር አንድ አይደለም። ያውም ሻጩ ስኳር ካልቀላቀለበት ነው።

አሁን ወደ ቅቤው ልመለስ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር 1913) በአሜሪካ ዊስኮንሲን ማክኮለምና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በአሳማ ስብ ወይም በወይራ ዘይት፣ ሌላውን በቅቤ ቅባት ቀለቡ። በስብና በዘይት የተቀለቡት እድገታቸው ቆመ፤ ቅቤ የተጨመረላቸው ግን አደጉ። በቅቤው ውስጥ ያለውና በሌሎቹ ውስጥ ያልነበረው ነገር በኋላ ቫይታሚን ኤ ተባለ። ስለዚህ «ቅቤ ልጅ ያሳድጋል» የሚለው የአያቶቻችን አባባል በላቦራቶሪ ተመስክሮለታል ማለት ይቻላል። የቫይታሚን ኤ እጥረት የመጀመሪያ ምልክቱ ሲመሽ ማየት አለመቻል ነው፤ እኛ ዳፍንት የምንለው። ከቅቤ ይልቅ ጉበት በዚህ ረገድ እጅግ የበለጸገ ነው። የኖርዌይ ዓሣ አስጋሪዎችም ከዓሣ ጉበት የሚያወጡትን ዘይት ለአጥንት መለስለስ በሽታ ሲጠጡ ኖረው በኋላ ቫይታሚን ዲ እንዳለበት ታውቋል። ከእንስሳ የተገኘ «ኃይል ሰጪ» ሁሉ ውሸት አይደለም ለማለት ነው።

ነገር ግን ልብ ይበሉ። አይጦቹን ያሳደገው ቅቤ ምግብ ሆኖ የተሰጣቸው ቅቤ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከአገር ላም ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሊትር ወተት ያስፈልጋል፤ ላሟ ደግሞ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው። ይህን ያህል የተለፋበት ቅቤ በሴቶች እጅ ተሸጦ ጨው፣ በርበሬ፣ የትምህርት ቤት ደብተርና የልብስ ሳሙና ይሆናል። ልጁ አይቀምሰውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶው 46ቱ በዕድሜያቸው ልክ ቁመት ያልደረሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። የማርና የቅቤ አገር ነን ብለን ስንኩራራ ይህን ቁጥር ከጎኑ ማስቀመጥ ይገባናል።

ቅቤ ቤት ውስጥ በሙሉ ልብ የሚበላበት አንድ ጊዜ ቢኖር የአራስ ጊዜ ነው። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይሞላበታል፤ አጥሚቱ በማርና በቅቤ ይሠራል፤ ጎረቤት እየመጣ ይጠይቃል፣ ይበላል፣ ይመርቃል። ይህ ከማንኛውም መድኃኒት የሚበልጥ ሥርዓት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ደም የፈሰሳትና የምታጠባ ሴት የምትፈልገው ጉልበት ሰጪ ምግብና ዕረፍት ነው፤ ባህሉ ሁለቱንም ሰጣት። ድሀ ቤት እንኳ ለዚያን ቀን ብሎ ቅቤ ያስቀምጣል።

በዚያው ቤት፣ በዚያው ቀን፣ ከእናቲቱ ጎን በተኛው ሕፃን ላይ ግን ሌላ ነገር ይደረግ ነበር። ለጋ ቅቤ በጣት ይነከርና ይውጣል፤ «አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ድምፁን ያሳምራል» ይባላል። እትብቱም ላይ ቅቤ ይቀባል። የእናቲቱ የመጀመሪያው ወተት፣ ቢጫው እንገር፣ «ሆድ ያማል» ተብሎ ታልቦ ይፈሳል። ይህ ልማድ በክልላችን በብዙ ቦታ በጥናት የተመዘገበ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ከብት አርቢ ሕዝብ ነን። ጥጃ ተወልዶ እንገር ሳይጠባ ቢያድር እንደማይጸና እረኛው ልጅ ሁሉ ያውቃል። የላሟን እንገር እንኳ አፍልተን እንደ እርጎ ሲረጋ «ያበረታል» እያልን ለልጆች እንሰጣለን፤ ለጎረቤትም እንልካለን። ጥጃ ከእናቱ ማኅፀን በሽታ መከላከያ ይዞ ስለማይወጣ ከእንገሩ ማግኘት አለበት፤ የሰው ልጅ ከፊሉን በማኅፀን ቢያገኝም አንጀቱንና ጉሮሮውን የሚጠብቅለት በእናቱ እንገር ውስጥ ነው። የላሟን እንገር እንደ ጸጋ የሚቀበል ቤት የራሱን ልጅ እንገር እንዴት ደጅ ያፈሳል? ለዚህ መልስ ፈልጌ ሽማግሌዎችንም አዋላጆችንም ጠይቄያለሁ፤ ያረካኝ አላገኘሁም። በሌላው ዓለም ዛሬ የላም እንገር ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በእንክብል ተሞልቶ «የበሽታ መከላከያ አቅም ይጨምራል» ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ለአዋቂ ሰው ያን ያህል ስለመጥቀሙ ያለው ማስረጃ ከማስታወቂያው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ለአራስ ልጅ የእናቱ እንገር ግን በነፃ የሚገኝና ጥቅሙ የማያጠራጥር ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ሁለት ባለሙያዎችን በየቀበሌው ካሰማራ በኋላ ይህ ልማድ በብዙ ቤት ቀንሷል። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቅቤም እንዳይሰጠው የተባለው ትምህርት ገብቷል። አያቶች ግን ገና አልተሸነፉም። የማኅበራት አመራሮች በየስብሰባው ስለ ብድር አመላለስ ስንናገር አምስት ደቂቃ ለዚህ ብንሰጥ የምንከስረው ነገር የለም።

ስለ ጣዝማ ሳላነሣ ባልፍ የስማዳና የእስቴ ሰው ይቀየመኛል። ጣዝማ ከማር ንብ የተለየች፣ ትንሽ፣ የማትናደፍ፣ መሬት ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ናት። መግቢያዋ በሣር መካከል ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ናት። የሚያውቃት ሰው ገላጣ ቦታ ቁጭ ብሎ ስትገባና ስትወጣ እያየ ያገኛታል፤ ከዚያ በጥንቃቄ ይቆፍራል። የሚያገኘው ማር ጥቂት ነው። ከተራው ማር የቀጠነ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ የአፈርና የአበባ ሽታ ያለው ነው። ለሳል፣ ለአስም፣ ለእንጥል፣ ለሆድ ቁርጠት ይባላል፤ ዋጋውም ከተራው ማር ብዙ እጥፍ ነው። አንዳንድ ቤት በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጦ ከወርቅ እኩል ይጠበቃል።

ስለ ጣዝማ የተባለው ሁሉ ተረት አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2005 ዓ.ም. ገደማ በዓለም አቀፍ መጽሔት የታተመ ጥናት የጣዝማ ማርና ነጭ ሽንኩርት ሲቀላቀሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ እንደሚገቱ አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሶ መዋጥ የእናቶቻችን የጉንፋን መድኃኒት መሆኑን ስናስብ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በሳሕን ላይ ያለ ባክቴሪያና በሰው ሳንባ ውስጥ ያለ በሽታ አንድ አይደሉም። በጣዝማ ምክንያት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናውን ያዘገየ ሰው ቢኖር ጣዝማ አልጠቀመችውም፤ ገደለችው እንጂ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ጤና ጣቢያ እንጂ ብልቃጥ አይደለም መሄጃው።

ሌላው የጣዝማ ጉዳት በእርሷ በራሷ ላይ ነው። ሲቆፈር ጎጆው ይፈርሳል፤ እጩም እናቲቱም ይበተናሉ። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ በሄደ ቁጥር ደግሞ የምትቀመጥበት ያልተነካ አፈር ያንሳል። በአገራችን ጣዝማን በሳጥን የማላመድ ሙከራዎች ተደርገዋል። ወጣት አባሎቻችን ይህን ቢከታተሉት ጥሩ ነው፤ ቆፍሮ መሸጥ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ንግድ ነው።

ሐሞት፣ የጃርት ሥጋ፣ ጥሬ ወተትና የመሳሰሉትን በአጭሩ አልፋለሁ። ሐሞት በጥሬ ሥጋ ላይ ጠብ አድርጎ መብላት «ሆድ ያጠራል» ይባላል፤ ጣዕም ከሆነ ጣዕም ነው፣ መድኃኒትነቱ ግን አልታየም። የጃርት ሥጋ ለአስም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጃርት ድንች ስለሚያጠፋ ገበሬው ቢያድነው አልፈርድበትም፣ በአስም ስም ግን አያሳብብ። ጥሬ ወተት «ኃይሉ ያልተሰበረ» ተብሎ ቢወደድም የከብት ነቀርሳና የውርጃ በሽታ የሚተላለፍበት መንገድ ነው፤ ማፍላት ኃይሉን አይሰብረውም።

ወደ ንግዱ ታሪክ ልመለስ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የጌታውን ድርሻ ካስቀረ በኋላ ማሩና ቅቤው የገበሬው ሆነ። በዚያው ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልዲያ ወረታ መንገድ ጋይንትን አቋርጦ ሲያልፍ ንፋስ መውጫ የመኪና ከተማ ሆነች። ከዚያ በፊት በአህያ ቀናት የሚፈጀው ቅቤ በአንድ ቀን ባሕር ዳር ወይም ወልዲያ መግባት ቻለ። መንገዱ ገንዘብ አመጣ፤ ቅቤውን ግን ከበፊቱ ይልቅ ከቤት አራቀው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጋይንትና ስማዳ ሲመቱ የተሸጠው ቅቤ ሳይሆን ላሟ ራሷ ነበረች፤ ያውም በማይረባ ዋጋ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲ ኔት ታቅፈው የቆዩት ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከብት የማፍራት አቅማቸው ያን ጊዜ የተሰበረ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እንደገና በፈቃደኝነት መደራጀት ሲጀምሩ፣ ቀደም ሲል በደርግ ዘመን በግድ ከተደራጁት ማኅበራት ጋር እየተነጻጸሩ ብዙ ጥርጣሬ ነበረባቸው። እምነቱ የተገኘው በማዳበሪያና በእህል ነው። ማር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስትገባ በር ተከፈተ። በ2002 ዓ.ም. ስለ ንብ ሀብት የተለየ አዋጅ ወጣ። በባህላዊ ቀፎ ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ይገኝ የነበረው በዘመናዊ ቀፎ፣ በደንብ ከተያዘ፣ አሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ሊደርስ እንደሚችል አባላት በዓይናቸው አዩ።

ከበሩ ጋር ግን መለኪያም መጣ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የማር ርጥበት ከመቶ ሃያ፣ ተራው ስኳር ደግሞ ከመቶ አምስት መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ ገዢው ማሩ ለምን በሽታ እንደሚሆን አይጠይቅም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል። የእኛ ገበያ ተቃራኒው ነው፤ ለምን እንደሚሆን ይጠይቃል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ስኳር ቀላቃዩና በቅቤ ውስጥ የአትክልት ቅባትና ሙዝ የሚለውሰው ነጋዴ ያደገው በዚህ ክፍተት ነው። እኔም ራሴ ለታመመ ዘመዴ «የጋይንት ንጹሕ ማር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ማሰሮ ከአንድ ከተማ ሱቅ ገዝቼ፣ ከሳምንት በኋላ ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር አግኝቻለሁ። ያመመኝ ገንዘቡ ሳይሆን የወረቀቱ ላይ ስም ነው።

በነገራችን ላይ ማር ሲረጋ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ማለት ስሕተት ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ በተለይ በደጋ። የእኔው ማሰሮ ውስጥ የነበረው የተፈጥሮ ርጋታ ሳይሆን የሱቅ ስኳር እንቁ እንቁ ነበር። በክብሪት መለኮስ፣ በውኃ ላይ ማንጠባጠብ የሚባሉት የቤት ሙከራዎችም የሚያስተማምኑ አይደሉም። እርግጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብን መበረዝንም ሸማችን የሚያሳስት ማስታወቂያንም ይከለክላል። ስለዚህ በማኅበራችን ማሰሮ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ጉዳይ የሕግም ጉዳይ ነው። ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የወረዳው ስም፣ ማሩ የተቆረጠበት ወር፣ የቀፎው ዓይነት፣ የርጥበቱ ልክና የማኅበሩ መለያ ቁጥር ይጻፍ። የበሽታ ስም አንድም አይጻፍ። ከሥሩ ደግሞ በጉልህ ፊደል «ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም» የሚል ይጨመር። ይህ ማስጠንቀቂያ የገዢን ልብ ለማስደንገጥ አይደለም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ዘር ለአዋቂ ባይጎዳም የሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ስለሚያፈራ በሌሎች አገሮች በማር ማሰሮ ላይ የተለመደ ጽሑፍ ነው።

ለቅቤውም አንድ ሐሳብ አለኝ። ማኅበራት ቅቤ ሲሰበስቡ ከየቤቱ የሚመጣውን ሁሉ ጠርገው ባይወስዱ፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለው አባል ከሳምንቱ ቅቤ የተወሰነውን ለቤቱ እንዲያስቀር በመተዳደሪያ ደንብ ባይሆን እንኳ በምክር ቢታዘዝ። የሒሳብ ሹሞቻችን «የሚሰበሰበው ይቀንሳል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስንት እንደሚቀንስ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ለአንድ ዓመት ሞክረን፣ የልጆቹንም ክብደትና ቁመት ከጤና ኬላው ጋር እየመዘገብን እንየው።